ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሳልባትዮውን እዩት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ የደሴ ሰው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስለሚያወጣው ስለ ሐረጎ ዳገት የጻፉትን አነበብኩ። አሮጌ የቤንዚን ፒካፖች ዳገቱ ላይ እየተንተፋተፉ የሚቆሙት ማደያዎች ቤንዚኑን በላምባ ስለሚበርዙት ነው ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። ሽንኩርት ጭኖ፣ ከኋላው ተሳቢ ጡሩንባ እየነፋበት፣ ፀሐይ ላይ ኮፈን ከፍቶ የቆመ ሰው የሚወቅሰው አያጣም። ድምዳሜያቸው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ዕድሜዬን ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና ስር ተኝቼ የጨረስኩ መካኒክ ነኝ፤ እንደዚህ ዓይነት መኪና ሲመጣልኝ ብዙውን ጊዜ የማገኘው በሽታ ሌላ ነው።

የላምባውን ነገር በአጭሩ እንጨርሰው። ቤንዚናችሁ ተበርዟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣል አድርጉና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ላምባ ያለበት ግን ቅባት የመሰለ ምልክት ትቶ ይቆያል። ላምባ የጠጣ ሞተር ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ውስጡ ይንኳኳል። ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሞቶ፣ ትንሽ አርፎ ተነስቶ፣ ሁለት ኩርባ ሄዶ እንደገና የሚሞት መኪና ግን በሽታው ሌላ ነው። ያ መኪና ተርቧል። ቤንዚን አለው፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተር ጋ ግን በበቂ አይደርስለትም።

ለምን ሐረጎ ላይ? ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሲንሸራሸር ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ግማሹ የተዘጋ ፊልትሮ (የቤንዚን ማጣሪያ) እንኳ ይበቃዋል። ተጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ሲጎትት ግን ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ የምትጠራቀመው ቤንዚን ደግሞ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አትበልጥም። ፓምፑ ካልተካላት ወዲያው ታልቃለች። መኪናው ሲቆም ቀስ እያለ ይሞላል፣ ሹፌሩ አስነስቶ ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ያልቃል። ይኼው ነው ተአምሩ።

እንግዲህ ጋራዥ ሲሄድ ምን ይባላል? «ካርቡሬተሩ ሞቷል።» ወዲያው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ አንዳንዴም አዲስ ተብሎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካርቡሬተር ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንድ ደንበኛዬ እንደዚያ አድርጎ ነው የመጣው። ያስገጠመበትን ጋራዥ አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። አዲሱ ካርቡሬተር ያንጸባርቃል፤ ፒካፑ ግን ድሮ ይቆምበት የነበረው ኩርባ ላይ ነው የሚቆመው። ሳልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ አውርደን ስናፈሰው ከታች የወጣው የፌስታል ቁራጭ ነበር። ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን መንገድ ዳር ከጀሪካን ሲገዛ፣ የጀሪካኑ አፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ክዳኑ የታሰረበት፣ ያ ፌስታል ተቀድዶ አብሮ ገብቷል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ፌስታሉ ሄዶ መምጠጫ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ፌስታሉም ይወድቃል። ሹፌሩ ኮፈን ከፍቶ አንዱን ሽቦ ነካ ሲያደርግ መኪናው ይነሳል፣ እሱም ሽቦውን ያመሰግናል።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቤንዚኑን ከምንጩ ተከተሉት። ከሳልባትዮው ተነሱና በቱቦው፣ በፊልትሮው፣ በፓምፑ አድርጋችሁ ካርቡሬተሩ ጋ መጨረሻ ድረሱ። የኛ ሰው የሚሠራው ግልብጡን ነው። ካርቡሬተሩ ከላይ ስለሚታይና ለመፍታት ስለሚቀል ከሱ ይጀምራል።

ከዚያም በፊት ግን ችግሩ የቤንዚን መሆኑን አረጋግጡ። ለካንዴላው የብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲግል የሚሞትና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ከዚህኛው ጋር ቁርጥ አንድ ነው የሚመስለው፤ ስንቱ ፓምፕ በኮይል ጥፋት ተቀይሯል! መለየቱ ቀላል ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ እንደሞተ፣ ሳትጠብቁ፣ ሞተሩን ሳታዞሩ፣ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሱና ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያያችሁ የቤንዚን መስጫውን ክንድ በእጃችሁ ሳብ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ጭር ብሎ ከወጣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ፣ ወደ ኮይሉና ወደ ካንዴላው ሂዱ። ምንም ካልወጣ ደርቋል። የድሮ ቶዮታና ዳትሰን ያላችሁ ደግሞ ከዚህም የሚቀል ነገር አላችሁ፤ የብዙዎቹ ካርቡሬተር ሆድ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፣ የቤንዚኑ ከፍታ በእሷ ይታያል። አብዛኛው ሰው ቅባትና አቧራ ለብሳ ስለኖረች መኖሯንም አያውቅም። በጨርቅ ጥረጓት። (ሲጋራ አጥፉ ማለት የለብኝም ነበር፣ ግን ያየሁትን ስለማውቅ እላለሁ።)

ደርቆ ካገኛችሁት ቀጥሎ የሚደረገው ችግሩን ለሁለት መክፈል ነው። ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ከመኪናው መስመር ንቀሉና በአዲስ ጎማ ቱቦ ንጹህ ቤንዚን ካለበት ጀሪካን ጋር አገናኙት። ጀሪካኑ ከትኩስ ብረት ርቆ በደንብ ይታሰር። ጣሪያ ላይ አይሰቀል፤ ጣሪያ ላይ ከሆነ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ የደከመ ፓምፕ እንኳ ጤነኛ ይመስላል፣ ቱቦው ከወለቀም ቤንዚኑ በሙሉ ትኩስ ሞተር ላይ ነው የሚፈሰው። ከዚያ አጭር ዳገት ሞክሩ። በጀሪካን ደህና ከሄደ ፓምፑም ካርቡሬተሩም ነፃ ናቸው፣ ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ኋላ ነው። ያው ከሆነ ጥፋቱ ፓምፑ ራሱ ወይም ከእሱ ወደ ፊት ያለው ነው። በአንድ ቱቦ ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ አወጣችሁ ማለት ነው፣ ሒሳቡም የአንድ ቱቦ ዋጋ ነው።

በእኔ ልምድ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው። ምክንያትም አለው። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ግማሽ ቤንዚን ይዞ እንደከረመ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ግማሽ ባዶ የሆነ ሳልባትዮ ውስጥ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል። ውኃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ታቹ ይዝጋል። ቤንዚኑም ሲከርም ይበላሻል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ባትሪ አስገብቶ፣ ላዩ ላይ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ፣ ተነሳልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ዝገቱ ግን እዚያው አለ። ዛሬም ድረስ በየፊልትሮው ቡናማ ዱቄት እየመጣ ነው። በዚያ ላይ ቤንዚን ስለተወደደና ሰልፉ ስለሚያሰለች የኛ ሰው ሁልጊዜ የቤንዚን መለኪያው ታችኛው መስመር ላይ ሆኖ ነው የሚነዳው፤ ዝቃጩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ሳልባትዮውን አውርዳችሁ ስታጥቡ ዝገቱን ለመፋቅ ጠጠር ወይም ሰንሰለት ከሳሙና ውኃ ጋር ከትቶ መናጥ የድሮ ዘዴ ነው፣ ይሠራል፤ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት። ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን ብየዳ ቤት ወስዳችሁ «ባዶ ነው፣ በይድልኝ» እንዳትሉ። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው የበለጠ ያስፈራል። ሙሉው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፣ ባዶው ውስጥ ያለው ከአየር ጋር የተቀላቀለ የቤንዚን ተን ነው፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው።

ክዳኑንም እዩት። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ስለዚህ የድሮ ክዳኖች ትንሽ መተንፈሻ አላቸው። መተንፈሻው በአቧራ ሲደፈን፣ ወይም ዋናው ክዳን ተሰርቆ የሌላ መኪና ድፍን ክዳን ሲገጠም፣ ሳልባትዮው አየር አልባ ይሆናል፣ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። መኪናው ሲሞት ወዲያው ክዳኑን ክፈቱ። አየር ሽሽ ብሎ ሲገባ ከሰማችሁና መኪናው ከተነሳ አገኛችሁት። መኪና ጉድ ነው፣ ካርቡሬተር እያስቀየረ ያከረመው ችግር አንዳንዴ ክዳን ነው።

ቀጥሎ ጎማ ቱቦዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሸወዳል፣ ምክንያቱም የሚፈልገው የሚንጠባጠብ ቤንዚን ነው። ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ ግን ስለሚሳብበት ሲሰነጠቅ ቤንዚን አያወጣም፣ አየር ያስገባል። ከውጭ ደረቅ ነው፣ ሽታም የለው። ፓምፑ ግን ከቤንዚኑ ጋር አየር እየጠጣ ይደክማል። ቱቦውን በእጃችሁ ጠምዝዙት፤ ስንጥቅጥቅ ካለ ወይም ከደረቀ ቀይሩት፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩት። በሽቦ አትሰሩ፣ ሽቦ ጎማውን ይበላዋል። የውኃ ቱቦ ወይም የሚያሳይ ፕላስቲክም አታስገቡ፣ ቤንዚን ያደርቀዋል፤ የቤንዚን ቱቦ ብላችሁ ግዙ። በአዲስ አበባ በኩል ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ የነበረበት ጊዜም አለ። የድሮ ጎማና የድሮ የፓምፕ ሸራ (ፓምፑ ውስጥ እየተለጠጠ ቤንዚኑን የሚስበው ስስ ሽፋን) ኢታኖል አይወዱም። ጎማው ከውስጥ ሲላላጥ ቁራጩ ሄዶ ሌላ ቦታ ይወሸቃል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል።

ስለ ፊልትሮ ብዙ አልልም። ርካሽ ነው፣ ቀይሩት፣ ቀስቱን ወደ ሞተሩ አድርጉት። የባጃጅ ፊልትሮ ግን ለፒካፕ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ ያሳልፋል፣ ሐረጎ ላይ ያንቃል።

ፓምፑን ለመሞከር ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ፣ የኮይሉን ሽቦ አውጡ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያዙር። ጤነኛ ፓምፕ በእያንዳንዱ ምት ደፈቅ ደፈቅ እያደረገ በኃይል ይተፋል። መለኪያ ካላችሁ ግፊቱ ለአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ከ3 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነው። ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ውስጡ ያለው ሸራ ተቀድዷል። ዘይት መለኪያውንም አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ዘይቱም ጨምሮ ካገኛችሁት፣ ሞተሩን አታስነሱ። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ብረት፣ ይፈጀዋል፤ የፓምፕ ችግር የሞተር ችግር የሚሆነው እንደዚያ ነው።

መስመሩ ተዘግቶ ከሆነ ከፓምፑ ንቀሉትና በጎማ መንፊያ ወደ ሳልባትዮው ንፉት፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይሰማል። ፓምፑ ሳይነቀል ከነፋችሁ ሸራውን ትቀዱታላችሁ። በአፍ መሳብ ደግሞ ይቅርባችሁ። ልጆቹ የጀግንነት ያህል ያዩታል፤ ቤንዚን ሳንባ ከገባ ግን ቀልድ የለም። ከሃይላንድ ጠርሙስ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ እያፈሰሱ ማስነሳትም እንደዚሁ። ሞተሩ አንዴ ወደ ኋላ እሳት ቢተፋ ጠርሙሱ ያለው በእጃችሁ ነው።

ሙቀትን ለብቻው ላንሳ፣ ምክንያቱም የኛን አገር መንገድ ይመለከታል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን በቀላሉ ይፈላል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ፣ ከተሳቢ ኋላ እየተጎተተ፣ ነፋስ ሳያገኝ የሚወጣ ሞተር ቱቦው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ተን ያደርገዋል፤ ፓምፑ ደግሞ ተን መግፋት አይችልም። በባቲ በኩል ወደ ቆላ የሚወርዱም ያውቁታል። ሹፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፣ ልክም ናቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ከተነሳ ምርመራው አለቀ። መድኃኒቱ ግን ጨርቅ ይዞ መዞር ብቻ አይደለም። ቱቦው ጭስ ከሚወጣበት ትኩስ ብረት አጠገብ ማለፉን እዩ፣ አርቁት። ካርቡሬተሩ ሥር ከሞተሩ ጋር መሃል ላይ የነበረው ወፍራም ጥቁር ጓርኒሲዮን (መለያያ ሽፋን) ሙቀት ለመከልከል ነው የተሠራው፤ ተሰብሮ ተጥሎ በቀጭን ወረቀት ከተተካ መልሱት። አንዳንድ ፓምፕ ላይ ሦስተኛ አፍ አለች፣ የተረፈውን ቤንዚን ከተኑ ጋር ወደ ሳልባትዮ የምትመልስ። ፋይዳዋን ያላወቀ ሰው ብሎን ወትፎባት ካያችሁ ብሎኑን አውጡ፣ መስመሩን ቀጥሉ።

አሁን ካርቡሬተሩን መፍታት ትችላላችሁ። የቤንዚኑን መግቢያ የምትከፍተውና የምትዘጋው መርፌ ጋ ቆሻሻ አለ ወይ? መርፌዋን የምታንቀሳቅሰው ተንሳፋፊ ተበስታ ቤንዚን ጠጥታለች ወይ? ጆሮ ላይ አድርጎ መነቅነቅ ነው፣ ውስጧ ከተንቧቧ ተበስታለች። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአየር ንፉ። በሽቦ እንዳትነኩ! ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሆን ብለው «ጉልበት እንዲያገኝ» የሚያሰፉም አሉ፣ ይኼ በተለይ ለደሴ መኪና ጥፋት ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ ተመጥኖ የተሠራ ካርቡሬተር ሳይነካ እንኳ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቀዳዳ አስፍቶ ጉልበት የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ጥቁር ጭስና ባዶ ኪስ ነው።

ይኼን ሁሉ የጻፍኩት መኪኖቹ ገና አብረውን ስለሚቆዩ ነው። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ኤሌክትሪኩን የሚገዛው ይግዛ፣ ሽንኩርት ጭኖ ሰኞ ገበያ የሚወጣው ሰውዬ ግን ያለችውን ፒካፕ ነው የሚይዘው። ጋራዥ የሚገቡት ልጆች ደግሞ ጎበዞች ናቸው፣ ኮምፒውተር ሰክተው ብልሽት ያነባሉ፤ ካርቡሬተር ያለው መኪና ግን የሚሰካበት ቦታ የለውምና ሲመጣባቸው ግራ ይገባቸዋል። አብሽሩ፣ ከኮምፒውተሩ ይቀላል። የሙያ ኮሌጆቻችን አንድ አሮጌ ሞተር ጥግ ላይ አቁመው ቤንዚኑን ከሳልባትዮ እስከ ካርቡሬተር ተከተሉ ቢሏቸው በአንድ ከሰዓት የሚገባቸው ነገር ነው።

ደብዳቤውን ለጻፉት ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆን መኪናው ሐረጎን ይወጣል፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ነው የሚቆመው ብለዋል። እርስዎ ይኼን ማደያው ሲፈልግ ጥሩ ቤንዚን ይሸጥልኛል ብለው ተረጎሙት። እኔ ሳላየው መወራረድ ካለብኝ በመምጠጫ ቱቦዋ ነው የምወራረደው። ሳልባትዮው ውስጥ ወደ ታች የምትወርደው ቀጭን ብረት ወገቧ ላይ ዝጋ ተበስታለች። ቤንዚኑ ከቀዳዳው በላይ ሲሆን ደህና ትስባለች፣ ከቀዳዳው በታች ሲወርድ አየር ትጠጣለች። በብዙ መኪና ሳልባትዮው ሳይወርድ ከላይ ተፈትታ ትወጣለች። ቀዳዳዋን በዓይንዎ ካላገኙት አንደኛውን ጫፍ በጣት ደፍነው ውኃ ውስጥ ይንከሯትና በሌላኛው ይንፉባት፣ አረፋው ያሳይዎታል። ከዚያ በፊት ግን ካርቡሬተር አይግዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ መካኒክ